ስለ ዶሮ ቤትና ስለ ጎረቤት

ሰው አንድን ፍጥረት ከዱር አውጥቶ በግቢው ውስጥ ባኖረ ጊዜ ጥቅሙን ብቻ ሳይሆን ዕዳውንም አብሮ ያስገባል። ጥቅሙ ፈጥኖ ይታያል፤ ላሟ ትታለባለች፥ በሬው ያርሳል፥ ዶሮይቱም እንቁላል ትጥላለች። ዕዳው ግን በዝምታ የተቀመጠ ስለ ሆነ ብዙ ሰው ሳያየው ዕድሜውን ይጨርሳል። ለእናንተ ለወጣት አንባቢዎቼ ስለዚህ ዕዳ ጥቂት ቃል ለማቅረብ አስቤ ምሳሌ ብፈልግ፥ ከሁሉ ታናሽ የሆነችውን፥ በየጓሮው የምትጭረውን ዶሮ መረጥሁ። ስለ አንበሳና ስለ ዝሆን መናገር ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን አንበሳና ዝሆን በቤቱ የሚያኖር ሰው ከመካከላችን የለም። ዶሮ ግን በደኻውም በሀብታሙም ግቢ አለች። የሰው ጠባይ የሚመዘነውም በእጁ ባለው በታናሹ ነገር ነው።

በዚህ ዘመን፥ በተለይም በከተማ፥ በተፈጥሮ የረባ ዶሮ የሚለው ቃል ተወዳጅ ሆኗል። የሐበሻ ዶሮ ሥጋዋ ይጣፍጣል፥ የእንቁላሏም አስኳል ደማቅ ነው እየተባለ በገበያ ከፈረንጅ ዶሮ ይልቅ ትፈለጋለች፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው «በተፈጥሮ» የሚለውን ቃል «ያለ ጠባቂ» ብሎ ይተረጉመዋል። ዶሮ ለራሷ ታውቃለች፤ ጭራ ትበላለች፥ ከኩሬ ትጠጣለች፥ ማታም ባገኘችው ጥግ ታድራለች ይላል። በሽታ ገብቶ የፈጃቸው እንደ ሆነም «ዘመን ያመጣው ነው» ብሎ እጁን አጨብጭቦ ይቀራል። እኔ ግን በተፈጥሮ ማርባትና ትቶ መተኛት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው እላለሁ። እንዲያውም በተፈጥሮ የሚያረባ ሰው ከሌላው ይልቅ ትጉህ ሊሆን ይገባዋል።

የዶሮ ተፈጥሮ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ወደ ጥንት አገሯ መመለስ ያስፈልጋል። የዛሬው የቤት ዶሮ ዘር በዋናው ነገር በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ ከሚኖረው ከቀይ የዱር ዶሮ የመጣ መሆኑን ሊቃውንት መርምረው ደርሰውበታል። ይህ ወፍ እስከ ዛሬ ድረስ ቀን ቀን ከዛፍ ሥር ቅጠሉን እየጫረ ትልና ፍሬ ይለቅማል፤ በደረቅ አፈር ውስጥ እየተንከባለለ ተባዩን ያራግፋል፤ እንስቷም እንቁላሏን በተሰወረ ቍጥቋጦ ሥር ትጥላለች፤ ሲመሽም ወደ ዛፍ ቅርንጫፍ ወጥተው ያድራሉ። በገዛ ኩሳቸው ላይ አይተኙም፤ ትናንት የጫሩትን ቦታ ዛሬ ትተውት ይሄዳሉና።

እኛ ግን ሃያ እርምጃ በማይሞላ ጓሮ ውስጥ አጥረን ባስቀመጥናት ጊዜ ዛፉን፥ ቍጥቋጦውን፥ ደረቁን አፈርና ንጹሑን መሬት በአንድ ቀን ወሰድንባት። የወሰድነውን በእጃችን ካልመለስንላት በተፈጥሮዋ አረባናት ማለት ሐሰት ይሆናል። የዶሮ ቤት አሠራር ትምህርት ሁሉ በዚህ በአንድ ነገር ላይ የቆመ ነው፤ ይኸውም የተወሰደውን መመለስ ነው።

ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ የምኖረው በደብረ ብርሃን ነው። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ስላለው ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። ስለዚህም አንዳንድ ሰው ዶሮዎቹን ከብርድ ለማዳን ሲል የቤታቸውን ቀዳዳ ሁሉ በጭቃና በጨርቅ ይደፍናል። ይህን የሚያደርገው በርኅራኄ ነው፤ ርኅራኄ ግን ዕውቀት ካልታከለበት ይጎዳል። ላባዋ የደረቀ ጤነኛ ዶሮ ብርድን ትችላለች፤ የማትችለው እርጥበትንና የታፈነ አየርን ነው። ሌሊቱን ሁሉ ስትተነፍስ የሚወጣው እንፋሎት መውጫ ካጣ በጣራው ቆርቆሮ ሥር ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል፤ ጭዱ ይርሳል፤ የረጠበውም ኩስ ዓይን የሚያቃጥል የአሞኒያ ሽታ ያወጣል። ይህ ሽታ የዶሮይቱን ዓይንና የመተንፈሻ አካል ያቆስላል፤ የቆሰለ መተንፈሻም ለበሽታ የተከፈተ በር ነው።

በልጅነቴ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የዶሮ ቤቱን የምናጸዳው እኛ ተማሪዎች በየተራችን ነበርን። የሚቆጣጠሩን መምህር ጠዋት ሲመጡ መጥረጊያውንም ወለሉንም አይመለከቱም ነበር፤ ጐንበስ ብለው በትንሿ በር ራሳቸውን ያስገቡና አንድ ጊዜ በረጅሙ ይተነፍሳሉ። ካስነጠሳቸው ሥራው እንደ ገና ይጀመራል። ያን ጊዜ በመዳፋችን አፋችንን ይዘን እንስቅ ነበር፤ ዛሬ ግን ከዚያ የሚሻል መመርመሪያ እንዳላገኘሁ እመሰክራለሁ። እናንተም ገንዘብ አውጥታችሁ መሣሪያ አትግዙ፤ ጎሕ ሲቀድ፥ በሩ ገና ሳይከፈት፥ ጐንበስ ብላችሁ ተንፍሱ። ለእናንተ አፍንጫ የከበደ አየር ሌሊቱን ሙሉ ለተነፈሰችው እንዴት እንደሚሆን አስቡት።

አሁን ስለ ቤቱ አሠራር በአጭሩ ልናገር። ለአሥር ዶሮ 2 ሜትር በ1 ሜትር ተኩል የሆነ ቤት፥ ቀን የሚወጡበት ጓሮ ካለ፥ ይበቃል። ወለሉ የክረምት ጎርፍ እንዳይገባበት ከመሬት ከፍ ይበል። ከጣራው ሥር በሁለት ወገን አንድ ስንዝር የሚያህል ክፍተት ይተውና በሽቦ ወንፊት ይሸፈን፤ ይህም ነፋሱ ከዶሮዎቹ ራስ በላይ እንዲያልፍ፥ ሽለምጥማጥም እንዳይገባ ነው። በዛፉ ቅርንጫፍ ፈንታ ቆጥ ይሠራላቸው፤ ከወለሉ 60 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ፥ ጠርዙ የተስተካከለ እንጨት ሆኖ፥ ለእያንዳንዷ 20 ሳንቲሜትር ያህል ስፍራ ይኑረው። በቍጥቋጦው ፈንታ ጨለም ባለ ጥግ ስፋቱም ቁመቱም 30 ሳንቲሜትር የሆነ፥ ጭድ የተነጠፈበት ሣጥን ይቀመጥ፤ ለአራት ወይም ለአምስት ዶሮ አንድ ሣጥን ይበቃል። ሣጥኑ ከቆጡ ዝቅ ማለት አለበት፤ ከፍ ያለ እንደ ሆነ ያድሩበትና እንቁላሉ በኩስ ይቆሽሻል። በጫካው ደረቅ አፈር ፈንታ ደግሞ ዝናብ በማይነካው ጥግ ደረቅ አፈርና የእንጨት አመድ የተቀላቀለበት ጉድጓድ ይዘጋጅላቸው። ዶሮ በአመድ ስትንከባለል ያየ ሕፃን ቆሸሸች ይላል፤ እርሷ ግን ገላዋን እየታጠበች ነው።

በወለሉ ላይ አራት ጣት ያህል ውፍረት ያለው ጭድ ይነጠፍ፤ የረጠበው ዕለት ዕለት ይውጣ። የውሃው ዕቃ እንደ ዶሮይቱ ጀርባ ከፍታ በድንጋይ ላይ ይቀመጥ፤ መሬት ላይ ካለ ራሷ ትጭርበታለች፥ ትኮስበታለችም። በተለይ ጫጩቶች ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት ባለው ዕድሜያቸው ደም የተቀላቀለበት ኩስ ካሳዩ ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው በሽታ መሆኑን መጠርጠር ይገባል፤ ይህን በሽታ የሚያመጡት ጥቃቅን ተሕዋስያን ኃይል የሚያገኙት በእርጥብ ጭድ ውስጥ ነውና። እንግዲህ የደረቀ ጭድ ከብዙ መድኃኒት ይበልጣል።

ሌላም ስውር ጠላት አለ። ዶሮይቱ ያለ ምክንያት ከሳች፥ መጣልም አቆመች፥ ማታም ወደ ቆጧ ለመውጣት እንቢ አለች እንበል። ቀን ገላዋን ብትመረምሩ ምንም አታገኙም። ከመሸ በኋላ ግን መብራት ይዛችሁ የቆጡን የታችኛውን ገጽና የእንጨቱን መጋጠሚያ በነጭ ጨርቅ ጥረጉት፤ ጨርቁ በደም ነጠብጣብ ከቀላ ሌባው ተያዘ ማለት ነው። ይህ ከሰናፍጭ ፍሬ የሚያንስ ተባይ ቀን በእንጨት ስንጥቅ ተሸሽጎ ይውላል፥ ሌሊት ወጥቶ ደሟን ይመጣል። መድኃኒቱ ቆጡን አውጥቶ የፈላ ውሃ ማፍሰስ፥ ስንጥቁን መድፈን፥ ግድግዳውን ኖራ መቀባት ነው፤ ይህንም ከሳምንት በኋላ መድገም ያስፈልጋል፤ እንቁላሉ ከዚያ በኋላ ይፈለፈላልና። ብዙ ክፉ ጠባይም እንዲሁ ነው፤ ቀን ስትፈልጉት አይገኝም፥ በሌሊት ግን ደም ይመጣል።

ስለ ቤት ሳነሣ አንድ ከባድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በአገራችን በብዙ ስፍራ ዶሮዎች የሚያድሩት ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር ነው። ሽለምጥማጡም ሌባውም ያስፈራል፥ የተለየ ቤት ለመሥራትም ሁሉም አቅም የለውም፤ ስለዚህ ይህን የሚያደርገውን ሰው መዝለፍ አይገባም። ነገር ግን በ2016 እ.ኤ.አ. ሁለት ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ገጠር ስላሉ ሕፃናት ያወጡት ጥናት ዶሮ ባለበት ቤተ ሰብ የሚያድጉ ሕፃናት በቁመታቸው የተሻሉ ሆነው መገኘታቸውን፥ ዶሮዎቹ ሌሊት በመኖሪያው ቤት ውስጥ በሚያድሩበት ግን ነገሩ ተገልብጦ ሕፃናቱ አጥረው መገኘታቸውን ያሳያል። እንቁላሉ የሚሰጠውን ኩሱ ይወስደዋል ማለት ይመስላል፤ በወለሉ ላይ የሚድኸው ሕፃን እጁን ወደ አፉ ይወስዳልና። ስለዚህ ከግድግዳው ውጭ ተለጥፎ የሚሠራ ትንሽ ቤት፥ በእንጨትና በጭቃም ቢሆን፥ ለዶሮይቱ ብቻ ሳይሆን ለልጁም የሚሠራ ቤት ነው። ዶሮ የነካ ሰው ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ኩሱም ለጎመን መደብ የሚሆነው ከቅጠልና ከገለባ ጋር ተከምሮ ለወራት ከበሰበሰ በኋላ ነው።

ስለ ምግቧም «ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» ይባላል፤ ዶሮ ግን በጥሬ ብቻ አትኖርም። ይህን ለዓለም ያስተማረችው ራሷ ናት። ክርስቲያን ኤይክማን የሚባል የሆላንድ ሐኪም ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት በጃቫ ደሴት ሲሠራ በግቢው ያሉት ዶሮዎች እግራቸው ሲልፈሰፈስ አየ። በሽታው በዚያ አገር ብዙ ሰው ይገድል የነበረውን ቤሪቤሪ ይመስል ነበር። ቆይቶም ዶሮዎቹ ዳኑ። ሐኪሙ «ዳኑ፥ ተመስገን» ብሎ አልተወውም፤ ምን ተለወጠ ብሎ ጠየቀ። ታመው በነበረ ጊዜ የበሉት ከሆስፒታሉ ወጥ ቤት የመጣ የተፈተገ ነጭ ሩዝ ነበር፤ የዳኑት ግን ገለፈቱ ያልተነሣለት ሩዝ መብላት በጀመሩ ጊዜ ነው። ከዚህ ትንሽ ጥያቄ ዛሬ ቪታሚን የምንለው ዕውቀት አንዱ ሥር በቀለ፤ ኤይክማንም በ1929 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። እንግዲህ ለዶሮዎቻችሁ ከስንዴውና ከገብሱ ጋር ቅጠላ ቅጠል፥ ፉርሽካ፥ የኑግ ፋጉሎ፥ ለቅርፊቱም ጥንካሬ ተቆልቶ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ስጡአቸው። ከምግቡም በላይ የምመክራችሁ ያን ጥያቄ ነው፤ «ምን ተለወጠ?»

ይህ ሁሉ ተደርጎም የማይመለስ አንድ ክፉ በሽታ አለ፤ እርሱም ፈንግል ነው። በውጭ አገር ሊቃውንት ዘንድ የኒውካስል በሽታ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በ1926 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ አካባቢ በታየ ጊዜ ነው። የተያዘችው ዶሮ ላባዋን ታንጨፈርራለች፥ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፥ አረንጓዴ ትቀዝናለች፥ አንገቷም ይጠመዘዛል፤ ሌላዋም ምንም ምልክት ሳታሳይ ሞታ ትገኛለች። ካልተከተቡት መካከል አልፎ አልፎ አንዲት ብትተርፍ ነው። ሰዎች ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ቀጥቅጠው ያጎርሷታል፥ ሎሚ ወይም አረቄ ያጠጧታል፤ አንዳንዱም ለሰው የተሠራውን ቴትራሳይክሊን ፈትቶ በውሃዋ ይጨምራል። ፈንግል የሚመጣው ከቫይረስ ስለ ሆነ ከእነዚህ አንዱም አይፈውሰውም። መድኃኒቱን ያለ ሐኪም መስጠት ደግሞ ቅሬታው በእንቁላሉ ለሰው እንዲተርፍና ጀርሞች መድኃኒቱን እንዲለምዱት ያደርጋል። ፈንግልን የሚመክተው አስቀድሞ የተሰጠ ክትባት ብቻ ነው።

በሽታው ወደ ግቢ የሚገባው ብዙ ጊዜ በሰው እጅ ነው። ከበዓል በፊት ዶሮዎች ከየአገሩ በአንድ ቅርጫት ተጭነው ይመጣሉ፤ ከየቤቱም ይበተናሉ። የክረምትም መግቢያ እንዲሁ የሚፈራ ወራት ነው። ስለዚህ አዲስ የተገዛች ዶሮ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትቀመጥ፤ ከነባሮቹ በኋላ ትመገብ፤ የነካትም እጅ ሳይታጠብ ወደ ሌሎቹ አይሂድ። ይህን መናገር ቀላል ነው፤ ነገር ግን በሽታው አንድ ጊዜ ከገባ በኋላ ሰው የሚፈተነው በዕውቀቱ ሳይሆን በኅሊናው ነው። ለዚህም በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ።

በጎረቤቴ አንዲት ባልቴት ከልጃቸው ልጅ ጋር ይኖሩ ነበር። ሰባት ዶሮዎች ነበሯቸው። በባላገር አያያዝ አንዲት የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ያህል ትጥላለች፤ ከዚህ ሰባቱ ከሚጥሉት ላይ የቤቱ ጨው፥ ሳሙናና የልጅቱ ደብተር ይገዛ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከገበያ የመጡ ሁለት ቄቦች በዚያው ማታ ከነባሮቹ ጋር በአንድ ቆጥ ላይ አደሩ። በስድስተኛው ቀን ሁለቱም ሞቱ፤ በማግስቱ ከነባሮቹ የአንዲቱ አንገት ዞረ። በዚያ ቀን አንድ የዶሮ ነጋዴ በደጃቸው ሲያልፍ ነገሩን ሰምቶ ገባ።

ባልቴቲቱ በአጥሩ ጠሩኝ። «መምህር፥» አሉኝ፥ «ነጋዴው የቀሩትን ስድስቱን በግማሽ ዋጋ ልውሰድ ይላል። አንገታቸው ሳይዞር አደርሳቸዋለሁ ብሏል። ልሽጥ ወይስ ልተው? አንተ ምን ትለኛለህ?»

ፈጥኜ አልመለስሁም። በሌላ ሰው ገንዘብ ጻድቅ መሆን ቀላል ነውና፤ የሚታጣው የእርሳቸው እንጂ የእኔ አልነበረም። የማውቀውን ብቻ ነገርኋቸው። «እትዬ፥ እነዚህ ስድስቱ ዛሬ ይቁሙ እንጂ ከታመሙት ጋር አድረዋል። ገበያ ከወጡ በሽታው በቅርጫት ተጭኖ ስንት ግቢ እንደሚገባ አይታወቅም። ከእርስዎም ጋር ቢቀሩ ይድናሉ ብዬ ልዋሽዎ አልችልም» አልኋቸው።

ባልቴቲቱ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያም «የእኛን ቄቦች የሸጠልንም ሰው አንገታቸው ሳይዞር ልሽጥ ብሎ ይሆናላ» አሉ። ወደ ነጋዴውም ዞረው «ልጄ፥ ሂድ። እኔን ያገኘኝ ሌላዋን ሴት እንዲያገኛት ልኬ በየትኛው ዓይኔ እተኛለሁ?» አሉት። ነጋዴው ራሱን እየነቀነቀ ወጣ።

በስምንት ቀን ውስጥ ከስድስቱ አምስቱ ሞቱ። የሞቱት ውሻ በማይደርስበት ጥልቅ ጉድጓድ በኖራ ተሸፍነው ተቀበሩ፤ ጭዱ ተቃጠለ፤ ቤቱ ተፍቆና በሳሙና ታጥቦ ኖራ ተቀባ፤ በሩም ተከፍቶ ፀሐይ እየገባበት ሁለት ወር ባዶውን ከረመ። ባልቴቲቱ ያን ዓመት ፋሲካን ያለ ዶሮ ወጥ ዋሉ፤ ደብተሩም በዱቤ ተገዛ። በሽታው ከእርሳቸው አጥር ወዲህ አልተሻገረም። ይህን ያደረገው የእርሳቸው ጥንቃቄ ብቻ ነው ብዬ አልምልም፤ ነገር ግን በእርሳቸው እጅ የነበረውን በር ዘግተውታል። ከሰው የሚፈለገውም ይኸው ነው። መልካም ሥራ ሁልጊዜ ዋጋውን ወዲያው አይከፍልም፤ አንዳንድ ጊዜ እንዲያውም ዋጋ ያስከፍላል። ወጣቶች ሆይ፥ ይህን የማይነግራችሁ የግብረ ገብ መጽሐፍ ግማሹን እውነት ደብቋችኋል።

ከዚህ በኋላ የመንደራችን ሰው ስለ ክትባት መነጋገር ጀመረ። የፈንግል ክትባት በአገራችን በቢሾፍቱ ይመረታል፤ ከዓይነቶቹም አንዱ በዓይን አንድ ጠብታ የሚሰጥና በየአራት ወሩ የሚደገም ነው። ችግሩ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚሆን መሆኑ ነው፤ ሰባት ዶሮ ያላት ሴት ለብቻዋ ብትገዛው አብዛኛው ይደፋል፤ ከተበጠበጠ በኋላ ለሌላ ወር አይቀመጥምና። ስለዚህ ክትባቱ በባሕርዩ የጎረቤት ነገር ነው። እህል በደቦ እንደሚታጨድ እኛም ለዶሮዎቻችን ደቦ ወጣን። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር፥ እንቁጣጣሽ ከመድረሱ በፊት፥ አሥራ አራት ቤቶች ገንዘብ አዋጥተን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠራን። ዶሮዎቹ ገና ከቆጥ ሳይወርዱ በማለዳ ጀመርን፤ ልጆች ያዙ፥ ባለሙያው አንጠበጠበ፥ እኔም እንደ ልማዴ መዝገብ ጻፍሁ። ሰማንያ ያህል ዶሮዎች ረፋድ ሳይሆን አለቁ። ባልቴቲቱም ሦስት አዳዲስ ቄቦች ይዘው መጡ፤ ሁለት ሳምንት ለብቻቸው ተቀምጠው የነበሩ ናቸው። ክትባት የታመመን አያድንም፤ ኃይሉም የሚታየው ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ስለዚህ በሽታ ሲሰማ ሳይሆን ሰላም ሳለ የሚሠራ ሥራ ነው።

የክትባትም ዕውቀት ራሱ ለዶሮ ባለ ዕዳ ነው። ሉዊ ፓስተር በ1879 እና በ1880 እ.ኤ.አ. የዶሮ ኮሌራ የሚባለውን ሌላ በሽታ ሲመረምር፥ ብዙ ቀን የቆየው የበሽታው ዘር ኃይሉ ደክሞ ዶሮዎቹን ሳይገድል እንደሚያጠነክራቸው አየ። በቤተ ሙከራ የተዳከመ ጀርም ለክትባት መዋል የጀመረው ከዚያ ነው። ዛሬ በክትባት ያደግን ሁላችን በፓስተር ቤት ለነበሩት ለእነዚያ ስም የለሽ ዶሮዎች አንድ ምስጋና አለብን።

እንግዲህ ልጆቼ፥ በተፈጥሮ ማርባት ማለት የአንዲትን ፍጥረት ጠባይ አውቆ፥ የሚያስፈልጋትን ሰጥቶ፥ ከማያስፈልጋት መጠበቅ ነው። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ በየማለዳው ጐንበስ ማለትን፥ የረጠበውን ጭድ ማውጣትን፥ ውሃውን መለወጥን፥ «ምን ተለወጠ?» ብሎ መጠየቅን ብቻ ይጠይቃል። ይህ ሥራ ከትልልቅ ሥራዎች ጋር ሲተያይ ታናሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ዛሬ በታናሹ ዕዳ ያልታመነ ሰው ነገ ሹመት ቢያገኝ በትልቁ የሚታመንበት ምክንያት የለም።

አጥር የሚከለክለው ዶሮን እንጂ በሽታን አይደለም። የእናንተ ንጽሕና ለጎረቤታችሁ ጤና ነው፤ የእናንተም ስንፍና የጎረቤታችሁ ኀዘን ነው። በግቢያችሁ የዶሮ ቤት በሠራችሁ ጊዜ ቆጡንና ሣጥኑን ከለካችሁ በኋላ ቀና ብላችሁ የጎረቤታችሁን ጣራ ተመልከቱ፤ የዶሮ ቤታችሁ እስከዚያ ድረስ ይደርሳልና።